ስፔሻሊስቱ ደረጃ ላይ የሚቆሙበት ምክንያት

በየቤተሰቡ ሕክምና ያልተማረ አንድ ሐኪም አለ። «እኛ ቤት የለም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ ቤተሰቡን ጉንፋን እንኳ ነክቶት አያውቅም፣ ወይ ሐኪሙ ራሱ ተናጋሪው ነው። ይህ ሰው ነጭ ጋውን የለውም፤ ቢያጠልቅ ግን በልኩ የተሰፋለት ይመስላል። የመድኃኒት ስም ሲጠራ የእህቱን ልጅ የሚጣራ ነው የሚመስለው። እሱ ባለበት «ራሴን አመመኝ» ማለት በገዛ እጅ መታሰር ነው። «ከፊት ነው ወይስ ከኋላ?» ይላል። ከፊት ካላችሁት፣ ከኋላ ቢሆን ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ቁጭ ብላችሁ ትሰማላችሁ።

መጋረጃ ሰፊዋ ባሏን ስታገባ እንዲህ ዓይነቱን ሰው በምርቃት አገኘች። የባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዘለግ ያሉ፣ የሸሚዛቸውን የመጨረሻ ቁልፍ ሳይቆልፉ ከቤት የማይወጡ ሰው። ወንድማቸውና የወንድማቸው ሚስት «ጋሼ» ይሏቸዋል። የቀረው ሰፈር ግን «ስፔሻሊስቱ» ነው የሚላቸው። ስሙን ያወጣው ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ ያወጣውም ለሹፈት ነበር። እሳቸው ግን እንደ ሹመት ተቀብለው ለሹመቱ የሚመጥን አካሄድ ጀመሩ።

ክቡር ስፔሻሊስት ሁሉንም የሰውነት ክፍል በእኩል ዓይን አያዩም። ለኩላሊት አክብሮት አላቸው፤ ጉበትንም አይንቁም። ወንበራቸውን ሳብ አድርገው የሚጠጉት ግን ወሬው ልብ ላይ ሲደርስ ነው፤ ይበልጡን ደግሞ የልብ ደም ስር መጥበቡን በሚያሳዩት ምርመራዎች ላይ። ሙያውን ያገኙት በአጃቢነት ነው። ያው ዳቦ ጋጋሪ አንድ ጊዜ ደረቱን አሞት ሆስፒታል ሲላክ «ብቻዬን ይጨንቀኛል» ብሎ ይዟቸው ሄደ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ከመስኮት ወደ መስኮት ሲመሩ ለኖሩ ሰው፣ ሆስፒታል ማለት ትልቅ ፖስታ ቤት ሆኖ ተገኘ። ሰው በአንድ በር ይገባል፣ ይመዘናል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ በሌላ በር ይወጣል። በመሐል የሚጠፋውን የሚመልሱት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ከሰፈሩ የልብ ምርመራ የታዘዘለት ሰው ሁሉ ያለ እሳቸው ሄዶ አያውቅም። ፈልጎ አይደለም። ይሰማሉ፤ ከሰሙ ይመጣሉ፤ ከመጡ ቦርሳቸውን ይዘው ነው።

ቦርሳቸው ውስጥ ሳይበላ ለዋለ ታካሚ ብስኩት አለ። የውሃ ጠርሙስ አለ፤ ለምርመራው በደም ስሩ ቀለም የተወጋ ሰው ውሃ ደህና አድርጎ መጠጣት አለበት። ቁልፉ ፕላስቲክ የሆነ ሹራብ አለ፤ ብረት ፎቶውን ያበላሻል። ከሁሉ በላይ ግን ካልሲዎቹ አሉ፤ ወፍራም፣ ግራጫ የሱፍ ካልሲዎች። «የፎቶ ክፍል ይቀዘቅዛል» ይላሉ ስፔሻሊስቱ፤ «ማሽኑ ሙቀት አይወድም፤ ታካሚው ደግሞ ብርድ አይወድም። ማሽኑን ማልበስ ስለማይቻል ታካሚውን ነው የምናለብሰው።» ካልሲዎቹ የዳቦ ጋጋሪውን እግር አሙቀዋል፣ የባለ ግሮሰሪውን፣ የጡረተኛዋን መምህርት። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ታጥበው፣ ተጣጥፈው ቦርሳቸው ይገባሉ። ስፔሻሊስቱ ራሳቸው ግን አንድም ቀን አጥልቀዋቸው አያውቁም። «የታካሚ ናቸው» ይላሉ፣ ያለ ማዘዣ የማይሰጥ ዕቃ ይመስል።

ሰፈሩ የሚፈራው «በአጭሩ ላስረዳ» የምትለዋን ቃላቸውን ነው። አጭር ሆኖ አያውቅማ! የወንድማቸው ልጅ ልደት ላይ ሻማው በርቶ፣ ሰው ሊዘፍን አፉን ከፍቶ ሳለ፣ አንዱ እንግዳ «ካልሲየም የሚለካ የልብ ሲቲ ታዘዘልኝ» የምትል ነገር አመለጠችው። «በአጭሩ ላስረዳ» አሉ ስፔሻሊስቱ፣ የኬኩን ቢላዋ እንደያዙ። «ያለ ቀለም የሚነሳ ፎቶ ነው። የልብ ደም ስር ግድግዳ ላይ የጠጠረውን ነገር ይለካል። ምንም ከሌለ ደስ ይበልህ። ብዙ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ተዘግቷል ማለት አይደለም፤ መንገዱ ዳር ድንጋይ ተከምሯል ማለት ነው። ልዩነቱ ገባህ?» ልዩነቱ እስኪገባው ሻማው ቀልጦ ክሬሙ ላይ ተኛ። የሚያስገርመው፣ ቀልጦ ባይተኛም ኖሮ ያን ቀን ክሬሙን የሚደፍር ሰው አልነበረም።

የሚያናድደው ግን ይኼ አይደለም። የሚያናድደው ሰውየው አለመሳሳታቸው ነው። ሁሉን አውቃለሁ ባይ ሲሳሳት ማየት የሰው ልጅ ካሉት ጥቂት ደስታዎች አንዱ ነው፤ ስፔሻሊስቱ ይህችን እንኳ ነፍገውናል። ባለ ግሮሰሪው «ኑክሌር ስካን» የታዘዘለት ጊዜ ሚስቱ ጓዟን ጠቅልላ እናቷ ቤት ልትሄድ ነበር። በር ላይ ደረሱባት። «እመቤቴ፣ ሻንጣውን አስቀምጪ! ጨረር ያላት ትንሽ ነገር በክንዱ ደም ስር ትሰጠዋለች። የልብ ጡንቻ ከደሙ ጋር ይወስዳታል። ካሜራው ከውጭ ሆኖ የት ደረሰች፣ የት ጋ ሳትደርስ ቀረች ብሎ ያያል። ቦምብ አይደለም! ያው ባልሽ ነው፣ እንደ ሄደ ተመልሶ የሚመጣው።» ሚስትየዋ በዚህች በመጨረሻዋ ነገር ትንሽ ቅር ያላት ትመስል ነበር። ቢሆንም ሻንጣውን ፈታች።

መጋረጃ ሰፊዋም ቀምሳዋለች። ሱቋ ስፔሻሊስቱ የሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከደረጃው አጠገብ ነው። ሕንፃው ሊፍት የለውም፤ እሳቸው የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ነው። አንድ ቀን ለጥርስ ሐኪም ቤት የታዘዘውን ክሬም ቀለም መጋረጃ ሽንሽኑን እየተኮሰች፣ ምን ቆርጧት እንደሆነ እንጃ፣ «ጋሼ፣ ቁጭ ብሎ የልብ ምርመራ ያደረገ ሰው ደህና ነህ ከተባለ፣ ዳገት ሲወጣ ለምን ያመዋል?» ብላ ጠየቀች።

«በአጭሩ ላስረዳሽ!» ብለው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ትልቁ ካውያዋ እንፋሎቱን የሚያገኘው ከውሃ ጋኑ በተዘረጋ ቱቦ ነው። ቱቦውን አነሱና መሐሉን በጨርቅ መቆንጠጫ ጥርቅም አደረጉት። «አሁን ቁልፉን አትጫኚ። ካውያው ምን ሆነ? ምንም። ሥራ ስለሌለው የጎደለበት ነገር የለም። ቢያዩት ጤነኛ ነው። አሁን ተጫኚ!»

ተጫነች። ካውያው ሁለቴ ሳል አለና፣ እንፋሎት አደርጋለሁ ሲል የዛገ ውሃ በክሬሙ መጋረጃ ላይ ተፋ።

«ይኸውልሽ!» አሉ ስፔሻሊስቱ፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ። «ቁጭ ሲል አያስታውቅም፤ ሲሠራ ነው የሚጋለጠው! ለዚህ ነው ልብን እያሠሩ የሚያዩት። ወይ ያስሮጡታል፣ ወይ በመድኃኒት ያሠሩታል፣ ከዚያ ይመለከቱታል። ገባሽ?»

«መጋረጃዬ፣ ጋሼ።»

«መጋረጃው ይታጠባል። ገባሽ ወይ ነው የምልሽ?»

ዝገቱ ታጥቦም አልለቀቀም፤ መጋረጃው እንደ አዲስ ተሰፋ። ነገሩ ግን ገብቷት ቀርቷል።

እንግዲህ ይህችው ሴትዮ ናት አንድ ቀን ከባድ ጥቅል ጨርቅ አንስታ ስታስቀምጥ ግራ ደረቷን ውግት ያደረጋት። በነጋታውም ውግት አደረጋት። የከተማ አውቶብስ ሹፌር የሆነው ባሏ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ለጋሼ እንዳትነግር» አለችው።

«ምን በወጣኝ!»

ምሳ ሰዓት ላይ ስፔሻሊስቱ ቦርሳቸውን በትከሻቸው አንግተው ሱቋ በር ላይ ቆመዋል።

ሆስፒታል ያገኟት የልብ ሐኪም ገና ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች፣ ሰው ሲያወራ እስክሪብቶዋን የምታስቀምጥ። መጋረጃ ሰፊዋን መርምራ ጨረሰችና «እርግጠኛ ለመሆን በቀለም የልብ ሲቲ ስካን እናንሳ፤ የደም ስሮቹን መንገድ ወለል አድርጎ ያሳየናል» አለች።

«ጥሩ ምርጫ ነው» አሉ ስፔሻሊስቱ ከጥግ።

ዶክተሯ ቀና ብላ አየቻቸው። «አመሰግናለሁ። ይቅርታ፣ እርስዎ ከየትኛው ሆስፒታል ነዎት?»

«ከፖስታ ቤት» አሉ፣ ቅንጣት ሳያፍሩ።

የምርመራው ቀን ደረሰ። የዶክተሯ ክፍል ምድር ቤት ሲሆን የፎቶው ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ በር ላይ የተሰለፈው ሰው ብዛት ለሌላ ነው እንጂ ለሊፍት አይመስልም።

«እንጠብቅ» አሉ ስፔሻሊስቱ። «ሊፍት የተሠራው ለሰው ነው።»

«ጋሼ፣ ተራዬ ያልፋል! ሁለት ፎቅ ምናላት?»

መውጣት ጀመሩ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ስፔሻሊስቱ ቀጥ አሉ። አንድ እጃቸው የደረጃውን መደገፊያ ይዟል፣ የሌላው እጃቸው ጣት ወደ ላይ ተቀስሯል። «በአጭሩ ላስረዳሽ። መጀመሪያ ልብሽን ረጋ የሚያደርግ ክኒን ይሰጡሻል። ለምን? የሚሮጥ ሰው ፎቶ ሲነሳ ይደበዝዛል። ልብም እንደዚያው ነው…» መጋረጃ ሰፊዋ በሆዷ፣ ምነው ወሬውን እየሄዱ ቢያወሩት ትላለች። ሰው በግራም በቀኝም ያልፋቸዋል። እግሩ በጄሶ የታሸገ አንድ ወጣት በክራንች እያነከሰ አለፋቸው። ስፔሻሊስቱ ለመንገደኛው ሁሉ በጭንቅላታቸው ሰላምታ እየሰጡ፣ ስለ ልብ ምት ያላቸውን ሁሉ እዚያው አራገፉ።

የባሰው የመጣው መጠባበቂያ ክፍሉ ውስጥ ነው። «ቀለሙ ሲገባ» አሉ ስፔሻሊስቱ፣ ፖስታ ቤት ውስጥ የተቀባይ ስም በሚጠሩበት ድምፅ፣ «ሙቀት ከጉሮሮሽ እስከ ታች ይወርድብሻል። የሸናሽ ይመስልሻል። አልሸናሽም!»

የክፍሉ ሰው ሁሉ ዘወር አለ። መጋረጃ ሰፊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ከዚያ ቀለበቷንና የጆሮ ጌጧን አውልቃ መልበሻው ክፍል ሳጥን ውስጥ አስቀመጠች፤ ግራጫ ካልሲዎቹን አጥልቃ ገባች። ክፍሉ እንደተባለው ይቀዘቅዛል። ባለሙያው ከመስታወቱ ኋላ ሆኖ «አሁን ሙቀት ይሰማሻል፣ የሸናሽ ሊመስልሽ ይችላል፣ አትጨነቂ» ሲል ሳቋ ሊያመልጣት ሆነ። መሳቅ ግን አይቻልም፤ ትንፋሽ ያዢ ተብላለች። እግሯ እንደሞቀ ተመልሳ ወጣች።

ከቀትር በኋላ ውጤቱን ለመስማት ወደ ዶክተሯ ወረዱ። «ደም ስሮችሽ ንጹሕ ናቸው» አለች ዶክተሯ፣ ፎቶውን እያሳየቻት። «የሚያምሽ የደረትሽ ጡንቻ ነው። ከባድ ነገር ብቻሽን አታንሺ።» ስፔሻሊስቱ ፎቶውን ከመነጽራቸው በላይ አዩት፣ ከመነጽራቸው በታች አዩት። ደስ ብሏቸዋል፤ ግን ደግሞ ሙሉ የእግር ኳስ ልብስ ለብሶ ጨዋታው የተሰረዘበት ሰውም መስለዋል።

ግቢው በር ላይ ሲደርሱ መጋረጃ ሰፊዋ ጣቷን አየች። «ውይ ቀለበቴ! ላይ ረስቼው!»

«እንሂዳ» አሉ።

«እርስዎ እዚህ አረፍ ይበሉ፤ ሮጥ ብዬ…»

«አጃቢ ሥራውን በጅምር አይተውም።»

ሊፍቱ በር ላይ ያው ሰልፍ ነው። በእግር ወጡ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ ስፔሻሊስቱ ቀጥ አሉ፣ ጣታቸውን ቀሰሩ። «በአጭሩ ላስረዳሽ…»

ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ስፔሻሊስቱ ግድግዳውን አዩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእሳት ማጥፊያ አዩ። ከዚያ «መጀመሪያ ልብሽን ረጋ የሚያደርግ ክኒን ይሰጡሻል» ብለው የጠዋቱን ጀመሩ፤ ቃል በቃል፣ ፎቶው ተነስቶ፣ ውጤቱ ተነግሮ ካለቀ በኋላ።

መጋረጃ ሰፊ ማለት ጠርዝ የምታይ ሰው ናት። አንድ ሽንሽን ከሌላው ትንሽ ከዘነበለ ከመንገድ ማዶ ሆና ትለየዋለች። አሁንም አየች። የላይኛው ከንፈራቸው ላይ ላብ አለ። ያኛው እጃቸው መደገፊያውን ትቶ ኮታቸው ውስጥ ገብቷል፤ ደረታቸው መሐል ላይ። ስፌት ማሽኗ አጠገብ ተቀምጣ የምትሰማው ድምፃቸውም ትዝ አላት። አንደኛ ፎቅ ላይ ቆመው ለጡረተኛዋ መምህርት ሲያስረዱ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆመው ለፖስተኛው ሲያስረዱ። ሰው ሲጠፋ ደግሞ በሩን ለሚጠግነው አናጺ። ሁልጊዜ ወደ ላይ ሲወጡ።

«ጋሼ።»

«ወይ።»

«ሲወርዱ ለምንድን ነው የማያስረዱት?»

ስፔሻሊስቱ የተቀሰረውን ጣት አጥፈው የሸሚዛቸውን የመጨረሻ ቁልፍ ነካ ነካ አደረጉ።

«ሲወርዱማ…» አሉ፣ «ሲወርዱ ሰው እግሩን ማየት አለበት።»

«ደረትዎን ያዝ ያደርገዎታል?»

«ጨጓራዬ ነው።»

«ሲወጡ መጥቶ፣ ቆም ሲሉ የሚሄድ ጨጓራ?»

«ይህን ደግሞ ከማን ሰማሽ?»

«ከእርስዎ ነዋ! የጥርስ ሐኪሙን መጋረጃ አበላሽተው ያስተማሩኝ! ቁጭ ሲል አያስታውቅም፣ ሲሠራ ነው የሚጋለጠው ያሉኝ!»

ስፔሻሊስቱ ደረጃው ላይ ቀስ ብለው ቁጭ አሉ። እሷም አጠገባቸው ቁጭ አለች። ሰው ያልፋቸዋል፤ በዚህ ጊዜ ለማንም ሰላምታ አልሰጡም። ላባቸው እስኪደርቅ፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቀች።

«አለፈ?»

«አለፈ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየት ብሏል።»

«ግማሽ ሰፈሩን በእጅዎ እየጎተቱ አስመርምረው፣ እርስዎ ምን ሆነው ነው የማይመረመሩት? ምርመራውን እንደሁ ከእኔ ስም በላይ ያውቁታል።»

ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ማንገቻውን አሻሹ። ድምፃቸው የፖስታ ቤት ድምፅ አልነበረም። «አጃቢ የሆነ ሰው» አሉ፣ «ማታ ቤቱ ይገባል። ምንም ቢገኝ፣ የተገኘው ሌላው ሰው ላይ ነው። አጃቢ ቦርሳውን አንግቶ ይመለሳል።» ከዚያ «እቤትም ማን አለ ብለሽ ነው» አሉ፣ ለማንም እንደማይናገሩ ሆነው።

መጋረጃ ሰፊዋ ቁጭ ብላ የምታለቅስ ዓይነት አይደለችም፤ እጇ ሥራ ይፈልጋል። ቦርሳውን ከጉልበታቸው አነሳችና በራሷ ትከሻ አነገተች።

«ዛሬ አጃቢዋ እኔ ነኝ። ይነሱ። ቀስ ብለው፤ ወደ ታች ነው። ቀለበቱ በኋላ ይደርሳል።»

ዶክተሯን ለመሄድ ኮቷን ስትለብስ አገኟት። ስፔሻሊስቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድ የማውቀው ሰው አለ» አሉ። «ደረጃ ሲወጣ ደረቱ ላይ ጫና ይሰማዋል። ሲያርፍ ይተወዋል። ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል…»

«ለዚያ ለሚያውቁት ሰው» አለች ዶክተሯ፣ ኮቷን መልሳ እየሰቀለች፣ «ጫማውን አውልቆ አልጋው ላይ እንዲወጣ ይንገሩልኝ።»

አልጋ ላይ ሆነው የልብ ምታቸው በወረቀት ተነሳ። ደህና ነበር። ስፔሻሊስቱ ሽቦው ከደረታቸው ሳይነሳ ብድግ አሉ። «ይኸው! ምንም የለብኝም! ደህና ዋሉ!»

«ቁጭ ሲል አያስታውቅም» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። «ሲሠራ ነው የሚጋለጠው።»

ዶክተሯ ዘወር ብላ አየቻት። «በትክክል። ማን አስተማረሽ?»

መጋረጃ ሰፊዋ በአገጯ አልጋው ላይ ወዳሉት ሰውዬ ጠቆመች።

ምርመራው ታዘዘ፤ ያው የባለ ግሮሰሪውን ሚስት ጓዝ ያስጠቀለለው። ስፔሻሊስቱ «ሲቲው ቢሆንስ? እሱ ይቀላል» ብለው ገበያ እንደወጣ ሰው ሊከራከሩ ሞከሩ። ዶክተሯ በትዕግሥት መለሰች፤ «ሲቲው መንገዱን ያሳየኛል። እኔ ግን እርስዎ ላይ ማወቅ የምፈልገው ልብዎ ሲሠራ ደሙ መድረስ አለመድረሱን ነው። አናስሮጥዎትም፤ ልብዎን በመድኃኒት እናሠራዋለን።» የሚዋጥ መድኃኒት ሰጠቻቸው፣ ደረጃ ላይ እንዳይጣደፉ አስጠነቀቀቻቸው፣ ቁጭ ባሉበት ካመማቸው ግን ነገ ዛሬ ሳይሉ እንዲመጡ አስማለቻቸው። ይህን ሁሉ ለሌላው ሲሉት የኖሩት ነው። ለራሳቸው ሲነገራቸው እንደ ባዕድ ቋንቋ አዳመጡት።

የቀጠሮው ቀን ባሏ አውቶብሱን ለባልደረባው ሰጥቶ መጣ። ሦስቱም መጠባበቂያው ውስጥ ተቀመጡ፤ ስፔሻሊስቱ በመሐል። ዝም አሉ። ዝምታው እንዲህ በዋዛ የሚነገር አይደለም። ባልና ሚስት ዓመታት ሙሉ የተመኙት ዝምታ ነበር፤ ሲመጣ ግን ቤት ውስጥ ሁሌ የሚንቋቋው ሰዓት ቆሞ እንደማግኘት ሆነባቸው። ፊት ለፊታቸው የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ «እንዴት ነው ይኼ ምርመራ፣ ያማል?» ብለው በግልጽ ወደ ስፔሻሊስቱ ጠየቁ። ስፔሻሊስቱ መሬት መሬት አዩ።

መጋረጃ ሰፊዋ የፈራችው ያኔ ነው። ባሏን አየችው፤ እሱም እንደሷ ደንግጧል። ስለዚህ ወደ ሴትዮዋ ጠጋ አለች።

«በአጭሩ ላስረዳዎት» አለች። «ካሜራውን በአፍ ያስገቡታል።»

የስፔሻሊስቱ ትከሻ ንቅንቅ አለ።

«ከዚያ ልብ ውስጥ ገብቶ መብራት ያበራል።»

ስፔሻሊስቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጥርስ የሚነቀልበት ሰው መሰሉ።

«መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ደግሞ» አለች መጋረጃ ሰፊዋ፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «ጨለማ ቤት ውስጥ ሲገባ እንደ ፋኖስ ያበራል።»

«የምን ፋኖስ!» ስፔሻሊስቱ ብድግ አሉ። «እመቤቴ፣ እንዳይሰሟት! ካሜራው ንክች አያደርግዎትም፤ ከውጭ ነው! በአጭሩ ላስረዳዎት…» አስረዱም። ልብ ሲያርፍ የሚነሳውን፣ ልብ ሲሠራ የሚነሳውን፣ ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሆነው የሚታዩትን፣ ከምርመራው በፊት ሻይና ቡና ለምን እንደሚከለከል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ወንበሩን እየሳበ ቀረበ። ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ። ነርሷ በር ላይ መጥታ ስትጠራቸው ነገሩን ሳያቋርጡ ተነስተው፣ ለነርሷም ጭምር እያስረዱ መሄድ ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ይቆዩ» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። ቦርሳውን ከፍታ ግራጫ ካልሲዎቹን አወጣች።

ስፔሻሊስቱ ካልሲዎቹን አዩ። «እነሱ የታካሚ ናቸው» አሉ።

«እኮ።»

ስፔሻሊስቱ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ዘረጉላት።

ፎቶው የልባቸው የፊት ለፊት ክፍል ሲሠራ ደም እንደሚያጥረው አሳየ። ቀጥሎ በእጅ አንጓቸው በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ፣ የጠበበችው አንዲት ደም ስር ተከፈተች፤ መልሳ እንዳትዘጋም ትንሽ የሽቦ ድጋፍ ገባላት። ስፔሻሊስቱ ያን ማታ ቤታቸው አልገቡም። በማግስቱ ገቡ። አጠገባቸው የተኛው በሽተኛ ሌላ ክፍል እንዲሰጠው ጠይቆ እንደነበር ነርሷ ለመጋረጃ ሰፊዋ በሹክሹክታ ነግራታለች።

አሁን ስፔሻሊስቱ ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ይወጡታል። መታጠፊያ ላይ አይቆሙም፤ ለፖስተኛው «ደህና ዋልክ» ብለው ያልፋሉ። ጡረተኛዋ መምህርት «ሰውየው ተቀየሙኝ እንዴ?» ብላ እስክትጠይቅ ድረስ። መጋረጃ ሰፊዋም ስፌት ማሽኗ አጠገብ ሆና ያን ድምፅ መጠበቅ አልተወችም። ጎድሎባታል፤ ቢጠይቋት ግን ሽምጥጥ አድርጋ ትክዳለች።

ባለፈው የቤታቸውን አዲስ መጋረጃ ልትሰቅል አብራቸው ወጣች። ጥቅሉን እሳቸው ተሸክመዋል፤ አታንሺ ተብላለችና። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ መጋረጃ ሰፊዋ መደገፊያውን ይዛ ቀጥ አለች። አልደከማትም። ደም ስሮቿ ንጹሕ መሆናቸው በፎቶ የተረጋገጠ ነው።

ስፔሻሊስቱ ከላይ ዘወር አሉ። «ምነው? አመመሽ?»

«ኧረ የለም» አለች። «ጋሼ፣ ያ የካልሲየሙ ነገር… መንገድ መዘጋትና ድንጋይ መከመር ልዩነታቸው ምን ነበር ያሉት?»

ስፔሻሊስቱ ጥቅሉን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። የሸሚዛቸውን የመጨረሻ ቁልፍ ነካ ነካ አደረጉ። ጣታቸውን ቀሰሩና ወደ እሷ እየወረዱ፣ እግራቸውን እንኳ ሳያዩ፣ «በአጭሩ ላስረዳሽ» አሉ።